ጓሯችሁ ውስጥ የበቀለው ያ እንግዳ ነገር ሞስ ነው ወይ?

ክረምት ሲገባ ስልኬ በፎቶ ይጥለቀለቃል። ሐምሌ ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም አያባራም። የባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን የሚያውቅ ሁሉ ጓሮውን እያነሳ ይልክልኛል። "ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው?" ፎቶው አብዛኛውን ጊዜ ደብዛዛ ነው። መሃሉ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ። አንዳንዴ ብርቱካናማ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ጥቁር ዝልግልግ። ላኪው ሁሉንም "ሽበት" ይለዋል ወይም ሞስ ይለዋል። ሞስ እርጥበት ባለበት ቦታ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ ትንሽ አረንጓዴ ተክል ነው፤ ከሚላክልኝ ግማሹ ግን ሞስ አይደለም።

የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም። ዝናቡ ይበረታል፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ግቢ ድረስ ይገባል። ለእንዲህ ያለው ነገር የተመቸ ሰፈር ነው። ምሳሌዎቼ በሙሉ ከዚሁ ጓሮና ከጎረቤት ግቢ የመጡ ናቸው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያላችሁ ሰዎች ዝርያው ሊለያይባችሁ ይችላል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

አካሄዴ የስልክ መተግበሪያዎቹ ተቃራኒ ነው። እነሱ ፎቶ አይተው ቀጥታ ስም ይሰጣሉ። እኔ ስሙን መጨረሻ ላይ ነው የምፈልገው። መጀመሪያ የማየው የበቀለበትን ቦታ ነው።

የት ጋ ነው የበቀለው?

ሞስ እንደ ጎመን ሥር የለውም። መሬቱን ወይም ድንጋዩን የሚይዝባቸው ቀጫጭን ክሮች ብቻ ናቸው ያሉት። ውሃውን በአብዛኛው የሚጠጣው በቅጠሉ ነው፤ ከዝናብ፣ ከጤዛ፣ ከቆርቆሮ ጠፈጠፍ። አበባ የለውም፣ ዘርም የለውም። የሚራባው ስፖር በሚባል ዱቄት ነው። ከዚህ የተነሳ የት ቦታ እንደበቀለ ማወቅ ከመልኩ እኩል ይናገራል። ውሃው በየት እንደሚመጣ፣ ጥላው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ መሬቱ አፈር ይሁን ሲሚንቶ ወይም አመድ፣ ሁሉም ፍንጭ ነው።

ስለዚህ ማስታወሻ ያዙ። ብሎኬት ላይ ነው? የኮብልስቶን መገጣጠሚያ ውስጥ ነው? የጽድ ግንድ ላይ ነው? ከችግኝ ጣቢያ በመጣ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ነው? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ታሳጥራለች። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላንሳ። የውጭ አገር መጻሕፍትና ቪዲዮዎች "ሞስ በሰሜን በኩል ይበቅላል" ይላሉ። ለአውሮፓ ያስኬዳል። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት፣ የሰሜኑ ግድግዳ ጥላ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ሰሜን የምትርቀው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆንብናለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ሞሱ የሚወፍረው ደግሞ በክረምት፣ ሰማዩ ተደፍኖ በሚውልበት ጊዜ ነው። እኛ ጋ አቅጣጫ መቁጠር ብዙም አያዋጣም። ይልቅ የጎረቤት ፎቅ የት ጋ እንደሚያጠላ እዩ። አሸንዳው የት ጋ እንደተቀደደ እዩ።

ወሩንም መዝግቡ። በጋ ላይ ሞስ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ወደ ቡናማ ወይ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ሞተ ማለት አይደለም። ውሃ እስኪመጣ ሥራ አቁሞ ነው የሚጠብቀው። ታዲያ በየካቲት፣ መሬቱ ሁሉ በተሰነጠቀበት ወር፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለምለም ሞስ ካያችሁ የሚያጠጣው ነገር አለ። የኛ ሰርቪስ ቤት ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ አረንጓዴ መስመር ነበር፤ በጋውን ሙሉ አልደርቅም አለ። መስመሩን ተከትዬ መሰላል ላይ ወጣሁ። የታንከሩ ተንሳፋፊ ኳስ ውሃውን በደንብ አይዘጋም ኖሮ፣ ሌሊት ሌሊት ሞልቶ ይንጠባጠባል። የውሃ ሂሳቡ ለምን እንደጨመረ የነገረኝ ሞሱ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ብዙ አይደለም። ዋናው አጉሊ መነጽር ነው። ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን ዓይነት ፈልጉ፤ መርካቶ ይገኛል። 10 እጥፍ የሚያጎላ ከሆነ በቂ ነው። ትልቁና እጀታ ያለው፣ ጋዜጣ ማንበቢያው፣ ለዚህ አይሆንም፤ ጉልበቱ ትንሽ ነው።

አያያዙን ብዙ ሰው ያበላሸዋል። ሌንሱን ዕቃው ላይ አስጠግቶ ከሩቅ ያያል። እንደዚያ አይደለም። ሌንሱን ዓይናችሁ ላይ አስጠጉት፣ እዚያው አቁሙት። ከዚያ ሞሱን በሌላ እጃችሁ ይዛችሁ ጥርት እስኪል ወደ ዓይናችሁ አቅርቡት። ብርሃን ከጎን ይምጣ። የስልክ ካሜራንም በሌንሱ በኩል አድርጎ ማንሳት ይቻላል። እጅ ይንቀጠቀጣል እንጂ ሲሳካ ጥሩ ነው።

ከዚህ ሌላ የወጥ ቤት ቢላ፣ ነጭ ወረቀት፣ ውሃ የያዘ ሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንድ የ1 ብር ሳንቲም። ሳንቲሙ ለመጠን ነው። ሳንቲም ከጎኑ የሌለበት ፎቶ ላይ አንድ ሚሊሜትር ይሁን አንድ ጣት ማወቅ አይቻልም።

ሞስ መሆኑን ማረጋገጥ

በቢላው ጫፍ ትንሽ ቁራጭ አንሱ። ጥፍር የምታህል ትበቃለች። ነጩ ወረቀት ላይ አድርጉና በታተኑት።

ደርቆ ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ሞስ ከሆነ የተኮማተሩት ቅጠሎች ዓይናችሁ እያየ ይዘረጋሉ። ብዙዎቹ ደቂቃዎች አይፈጅባቸውም። ይሄን ተማሪዎቼ ፊት ሳደርገው ስልክ የሚነካካው ልጅ እንኳ ቀና ይላል።

ከዚያ ሌንሱን አንሱና ግንድና ቅጠል ፈልጉ። ሞስ ግንድ አለው። ግንዱን ዙሪያውን የከበቡ ጥቃቅን ቅጠሎች አሉት። ቅጠሉ በጣም ስስ ነው፤ የአብዛኛዎቹ ሞሶች ቅጠል ውፍረቱ አንድ ሴል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ብርሃን ያሳልፋል። ብዙዎቹ ላይ መሃል ለመሃል አንድ ነጠላ መስመር ይታያል። እንደ ጎመን ቅጠል የተጠላለፈ የጅማት መረብ ካያችሁ ሞስ አይደለም። ነጭ ሥር ከነቅርንጫፉ ከወጣ፣ ወይም በጣም ትንሽም ብትሆን አበባ ካለችው፣ ሞስ የመሰለ አረም ነው። ድንጋይ መሃል ላይ ተለጥፈው የሚያድጉ እንዲህ ያሉ አረሞች አሉ፣ ሰው በደንብ ያታልላሉ።

ሌላው አታላይ ሴላጂኔላ ነው። ከደጋ ጫካ ጥላ ሥር ይበቅላል፣ ሰዎችም ለውበት ማሰሮ ውስጥ ይተክሉታል። ሞስ ይመስላል፣ ዝምድናው ግን ወደ ፈርን ወገን ይቀርባል። ቅርንጫፉን ገልብጣችሁ በሌንስ እዩት፤ ቅጠሎቹ በአራት ረድፍ ነው የተሰለፉት፣ ሁለቱ ረድፎች ትላልቅ፣ ሁለቱ ትናንሽ። እውነተኛ ሥርም አለው።

ግንድም ቅጠልም ከሌለው ወደ ሌሎቹ ተሻገሩ።

ግራጫ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ቅርፊት ሆኖ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ከሆነ ሊከን ነው። ሊከን ፈንገስና አልጌ (ሥርና ቅጠል ሳይኖረው ከብርሃን ምግቡን የሚሠራ ፍጥረት) አብረው የሚኖሩበት ነው፤ ተክል አይደለም። ሲረጥብ እሱም አረንጓዴነቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ የውሃው ፈተና ብቻውን አይበቃም። ጽድ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለውን ግራጫ፣ የዛፍ ሽበት የሚሉትን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሱም ሊከን ነው፣ አስኒያ ይባላል። ለማረጋገጥ አንዷን ክር እርጥብ አድርጋችሁ በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ላይዋ ይሰነጠቅና ከውስጥ ነጭ፣ የሚለጠጥ ጅማት ይታያል። ያ ነጭ ጅማት ካለ አስኒያ ነው፤ ሌላ ክርክር የለም።

ብርቱካናማ ሆኖ ግድግዳ ወይም የዛፍ ግንድ ላይ የዝገት ያህል የተቀባ ከሆነ፣ ሲነኩትም ለስለስ የሚል ከሆነ፣ ትሬንቴፖሊያ የሚባል አልጌ መሆኑ አይቀርም። የሚገርመው አረንጓዴ አልጌ የሚባለው ጎራ ውስጥ ነው ያለው። ብርቱካናማ ያደረገው ካሮት ውስጥ ካለው ጋር የሚዛመድ ቀለም ነው።

አሁን ዝልግልጉ። ይሄ በየክረምቱ ከሁሉም በላይ ሰው ያስደነግጣል። ጠጠር ላይ ወይም በተረገጠ አፈር ላይ ከዝናብ በኋላ ወይራ መሳይ አረንጓዴ ጄሊ ተበትኖ ያድራል። ማታ አልነበረም፣ ጠዋት አለ። ኖስቶክ ይባላል፣ ሳይኖባክቴሪያ ነው፤ እንደ ተክል ከብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ ማለት ነው። ማታም ነበረ እኮ። ደርቆ፣ ጥቁር ቀጭን ቅርፊት ሆኖ፣ ማንም ሳያየው መሬቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዝናቡን ጠጥቶ አበጠ። አይናከስም፣ አትክልት አይጎዳም፤ እንዲያውም ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለአፈሩ ይጨምራል። ያንሸራትታል ግን፣ እሱን ተጠንቀቁ።

ቢጫ አረፋ የመሰለ ነገር የበሰበሰ እንጨት ላይ ካደረ ደግሞ ስላይም ሞልድ ነው። ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። በሁለተኛው ቀን ቡናማ ዱቄት ይሆንና ይበተናል። ተክልም ፈንገስም አይደለም። ተዉት፣ ራሱ ይሄዳል።

አመዱ ላይ የበቀለው ፀጉር

ጎረቤቴ እማማ ከማጀታቸው ጀርባ የምጣዱን አመድና የከሰል ፍርፋሪ የሚደፉበት ጥግ አላቸው። አንድ ነሐሴ ላይ በአጥር በኩል ጠሩኝ። "ቲቸርዬ፣ አመዱ ፀጉር አብቅሏል። ና እስቲ እየው ልጄ።"

ሄድኩ። እውነትም ፀጉር ነው። አመዱ የተደፋበት ክብ ቦታ ላይ ብቻ፣ ልክ በልኩ፣ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፏል። ከሱ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ብርቱካናማና ቀያይ ክሮች ቆመዋል፤ ቁመታቸው ሦስት፣ አራት ሴንቲሜትር። የእያንዳንዱ ክር ጫፍ ጎንበስ ብሎ አንዲት ትንሽ ከረጢት አንጠልጥሏል። ከአመዱ ክብ አንድ ስንዝር ወጣ ሲሉ አንድም የለም።

ይሄን ቦታው ብቻ ነገረኝ። እሳት በነደደበት፣ አመድና ከሰል ባለበት ቦታ ቶሎ የሚመጣ ሞስ አለ፤ ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካ ይባላል። በዓለም ዙሪያ ይገኛል። የሰደድ እሳት ያቃጠለው ጫካ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች አንዱ እሱ ነው። በአመዱ ማዕድን ይጠቀማል፣ ተቀናቃኝ በሌለበት ይስፋፋል፣ ሌሎች ተክሎች ሲመለሱ ቦታውን ይለቃል። ደመራ የተቃጠለበት ቦታ አካባቢያችሁ ካለ፣ አስፋልት ካልሆነ፣ የሚቀጥለው ክረምት ላይ ሄዳችሁ እዩት።

ግን በቦታ ብቻ አይፈረድም። ሌንሱን አወጣሁ። ከሥር ያሉት ቅጠሎች ተጠጋግተው ትንሽ እንቡጥ ሠርተዋል። ከረጢቷ፣ ካፕሱል የምንላት፣ የተንጋደደ የሸክላ ጀበና ሆድ ትመስላለች፤ አንድ ጎኗ ያበጠ፣ አፏ ወደ ታች የዞረ። የደረሱት ላይ ቁመታቸውን ተከትሎ ሸንተረር ወጥቷል። አፋቸው ዙሪያ በሌንስ ብቻ የሚታዩ ቀያይ ጥርሶች አሉ። ስፖሩን እርጥበቱን እያዩ ጥቂት ጥቂት የሚለቁት እነሱ ናቸው።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ከሁሉም ደስ ይላል። አንድ የደረቀ ቀይ ክር ነቅላችሁ በሁለት ጣት ያዙት። ሌንሱን አድርጋችሁ እዩት፤ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው። አሁን እፍ ሳይሆን ሃህ በሉበት፣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ፣ ወይም ጣታችሁን አርጥባችሁ ንኩት። ክሩ መዞር ይጀምራል። ካፕሱሏ ጫፉ ላይ ትሽከረከራለች። ሲደርቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። የላቲን ስሙ ውስጥ ያለው ሃይግሮሜትሪካም ከዚህ የመጣ ነው፣ እርጥበት ለኪ ማለት ነው። እማማ ደጋግመው "እስቲ አንዴ ድገመው" አሉኝ። ጥግ ላይ የነበረውን መጥረጊያም ለጊዜው አነሱት።

ኮብልስቶኑ መሃል ያለው ብር

ሌላው በብዛት የሚጠየቀው ይሄ ነው። ድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ ወይም ሊሾ ላይ፣ ጥቅጥቅ ያለ ትንሽ ትራስ፤ ከላይ ሲያዩት ብርማ፣ ግራጫ። ሰዎች በረኪና የፈሰሰበት ወይም የታመመ ይመስላቸዋል። ብሪየም አርጀንቲየም ነው። ጤነኛ ነው። የቅጠሉ የላይኛው ክፍል አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ነው የሚያብለጨልጨው፤ ከኃይለኛ ፀሐይም ይጠብቀዋል። ቢላ ከታች አስገብታችሁ ገልብጡት፣ ታችኛው ክፍሉ ጋ አረንጓዴ ታገኛላችሁ። እግር ይረግጠዋል፣ ቁራጩ ጫማ ላይ ይሄዳል፣ ሌላ ቦታ ይበቅላል። አንታርክቲካም አለ፣ ኒው ዮርክም አለ፣ የኛም በር ላይ አለ።

ቀይ አፈር በተቆረጠበት የመንገድ ዳር ወይም የጓሮ እርከን ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ የጥድ ችግኝ የሚመስሉ ጠንከር ያሉ ካያችሁ ደግሞ ፖሊትሪከም ወይም የቅርብ ዘመዱ ፖጎናተም ነው። የወጣት ካፕሱሉ ላይ ፀጉራም ቆብ አለ። ያንን ቆብ ካያችሁ ጨርሳችኋል።

ከእነዚህ ውጪ ያሉትን ሁሉ ቢያንስ በሁለት ክፈሏቸው። ቀጥ ብለው የቆሙና ካፕሱላቸው ከግንዱ ጫፍ የሚወጣ፤ መሬት ለመሬት የሚሳቡ፣ ቅርንጫፍ የሚያበዙና ካፕሱላቸው ከጎን የሚወጣ። ይቺን ብቻ ለይታችሁ ለሚያውቅ ሰው ብትነግሩት ግማሹን ሥራ ሠራችሁለት።

ከማሰሮው የመጣው እንግዳ

አሁን የአበባ ማሰሮዋ ጥያቄ። ከችግኝ ጣቢያ ጽጌረዳ ወይም ፈርን ገዝታችሁ አመጣችሁ። ከወር በኋላ አፈሩ ላይ ጠፍጣፋ፣ ሥጋ ያለው፣ አረንጓዴ ሪባን ተለጥፎ ታያላችሁ። ግንድ የለውም፣ ቅጠል የለውም፣ ጫፉ ሁለት ሁለት እየሆነ ይሰነጠቃል። ሊቨርዎርት ነው። የሞስ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ሞስ ግን አይደለም። በዓለም ላይ ወደ 12,000 የሞስ ዝርያ ሲኖር የሊቨርዎርት ወደ 7,000 ነው።

ማሰሮ ውስጥ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ማርካንቲያ ነው። ሌንሱን አምጡና ላዩን እዩ። ላዩ በጥቃቅን ባለስድስት ጎን ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፣ እያንዳንዱ ክፍል መሃል ላይ አንድ ነጥብ አለ። ነጥቡ አየር መግቢያ ቀዳዳ ነው። እዚህም እዚያም ደግሞ ክብ ኩባያዎች አሉ፣ ጠርዛቸው የተቆራረጠ። ኩባያው ውስጥ ጥቃቅን አረንጓዴ እንክብሎች ተቀምጠዋል። የዝናብ ጠብታ ወይም የውሃ ማጠጫችሁ ጠብታ ኩባያው ውስጥ ሲያርፍ እንክብሎቹ ይፈናጠራሉ። የወደቁበት ይበቅላሉ። አንድ ማሰሮ ይዛችሁ ገብታችሁ ሁሉም ማሰሮ ላይ የምታዩት ለዚህ ነው። ኩባያው ክብ ሳይሆን ግማሽ ጨረቃ ከሆነ ሌላ ነው፣ ሉኑላሪያ ይባላል።

ማርካንቲያ ወንድና ሴት አለው፣ በተለያየ ተክል ላይ። ሲደርስ ሁለቱም ጃንጥላ ያወጣሉ። የወንዱ ጠፍጣፋ ነው፤ የሴቷ ጣቶቿን ዘርግታ ወደ ታች የከፈተች ናት። ጃንጥላ ያወጣ ማርካንቲያ ፎቶ ሲላክልኝ ብዙ ጊዜ "መርዝ እንጉዳይ ነው ወይ?" ይባላል። አይደለም።

ባዶ እርጥብ አፈር ላይ፣ ጎመን መደቡ መሃል፣ ተመሳሳይ ጠፍጣፋ ነገር ሆኖ ግን ከላዩ ሹል ቀንዶች ካቆመ ሆርንዎርት ነው። እነዚህ በዓለም ላይ ወደ 200 ዝርያ ብቻ ናቸው። ቀንዱ ሲበስል ከጫፉ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሥጋው ላይ ጠቆር ያሉ ነጥቦች ካያችሁ የቅድሙ ኖስቶክ ናቸው፣ ውስጡ ተከራይቶ ይኖራል። ጓሯችሁ ውስጥ ሆርንዎርት ካገኛችሁ ንገሩኝ፣ እመጣለሁ።

ቅጠል ያላቸው ሊቨርዎርቶችም አሉ፣ ከሞስ ጋር የሚምታቱት እነሱ ናቸው። የዛፍ ልጥ ላይ ይበዛሉ። ቅጠላቸው ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ይተኛል፣ የመሃል መስመር የለውም፣ ብዙ ጊዜም ጫፉ የተከፈለ ነው።

ስልኩ ስም ሲሰጣችሁ

አይናቹራሊስትን የመሰሉ መተግበሪያዎችን እጠቀማለሁ። ለወፍና ለአበባ ግሩም ናቸው። ለሞስ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ ያለው ፎቶ በብዛት የመጣው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ነው፤ ስልኩ የሚያውቀውን ስም ነው የሚነግራችሁ። ደግሞም ብዙ የሞስ ዝርያዎች የሚለዩት በማይክሮስኮፕ፣ በቅጠሉ ሴል ቅርፅ ነው። ጎበዝ ባለሙያ እንኳ ከፎቶ ብቻ አይምልም። "ይሄ ፊሲደንስ ነው" ብሎ ጂነሱ ላይ፣ ማለትም የተቀራረቡ ዝርያዎች የጋራ ስም ላይ፣ መቆም ያኮራል እንጂ አያሳፍርም። ሙሉ ስም ካልያዝኩ የሚለው ሰው ነው የሚሳሳተው።

የአገር ውስጥ መጽሐፍም ቢሆን ብዙ አያግዛችሁም። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው ትልቁ የኢትዮጵያና የኤርትራ እፅዋት ሥራ ከፈርን ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ሞስ ውስጡ የለም። ስለዚህ ናሙና መያዝ ዋጋ አለው።

ናሙናውን በፌስታል አትያዙት፣ ይሻግታል። አንድ ወረቀት አጣጥፋችሁ ፖስታ ሥሩ። ሞሱን አፈሩን አራግፋችሁ፣ ከተቻለ ካፕሱል ያለውን መርጣችሁ፣ ጥላ ላይ አድርቃችሁ ክተቱት። መጭመቅ አያስፈልግም። በእርሳስ ጻፉበት፤ ቀኑ፣ ሰፈሩ፣ ከፍታው፣ ምን ላይ እንደበቀለ፣ ጥላ ይሁን ፀሐይ። "አመድ ላይ" የምትለዋን ሁለት ቃል የዘለለ ፖስታ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል። እንዲህ የደረቀ ሞስ ከብዙ ዓመት በኋላም ውሃ ሲነካው ቅርፁ ይመለሳልና መመርመር ይቻላል። የደረቁ እፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አራት ኪሎ ነው።

ላጥፋው ወይስ ልተወው?

ይሄ ሳይጠየቅ አይቀርም። ብሎኬት ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ ዛፍ ላይ ያለውን ተዉት። ዛፉን አይመጠውም። ሣር መሃል ከወረረ መሬቱ ተረግጦ ጠንክሯል፣ ውሃ ይተኛበታል፣ ወይም ጥላ በዝቶበታል፤ ሞሱን ብትነቅሉት ያው ተመልሶ ይመጣል፣ መሬቱን ኮትኩቱለት፣ ቦይ አውጡለት። ደረጃና መተላለፊያ ላይ ያለውን ግን አንሱ፣ በተለይ አዛውንት ያለበት ቤት። ጠንካራ ብሩሽና ውሃ ይበቃል። በረኪና ይገድለዋል፣ ግን አጠገቡ ያለውን ጤና አዳምም ይዞት ይሄዳል።

ማርካንቲያ የወረረው ማሰሮ ካላችሁ ላይኛውን ሁለት ጣት አፈር ከነሊቨርዎርቱ ጥረጉና ወደ ሌላ ማሰሮ ሳይሆን ወደ ቆሻሻ ጣሉት። በቦታው ደረቅ ጠጠር ወይም የቡና ገለባ አልብሱት። ከዚያ በኋላ ውሃውን ከላይ አታርከፍክፉ፣ ማሰሮውን ሳህን ላይ አስቀምጣችሁ ከሥር አጠጡት። ጠብታ ካልመታው ኩባያው ውስጥ ያሉት እንክብሎች የትም አይሄዱም።